መሐመድ አሚን፦ ተራራውንም ረሃቡንም በማለዳ ብርሃን ያየ ዓይን

በናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል፣ ዛፍ በበዛባት ላቪንግተን፣ ዝናብ አየሩን ባጠራበት ማለዳ ከረጅም ሕንፃ ላይ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው አንዳንዴ ይታደላል። 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የኬንያ ተራራ ሾጣጣ ጫፎች ብቅ ይላሉ። ዕይታው ግን አይቆይም፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ጭጋግ ይነሣና ተራራው ይሰወራል። ይህን ተራራ በካሜራ የሚያገኘው ከብርሃኑ ቀድሞ የተዘጋጀ ሰው ነው። ከናይሮቢ ልጆች መካከል እንዲህ ያለውን ጥበቃ የዕድሜ ልክ ሙያው ካደረጉት አንዱ መሐመድ አሚን ነበር።

መሐመድ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1943 ናይሮቢ ውስጥ፣ ከላቪንግተን በተቃራኒ በከተማዋ ምሥራቅ በምትገኘው ኢስሊ ተወለደ። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ቤተሰቡ ወደ ዳሬሰላም ተዛወረ። በዚያም ገና ተማሪ ሳለ ቦክስ ብራውኒ የምትባል ርካሽ ካሜራ እጁ ገባች። ካሜራዋ ፍጥነቷንም ሆነ ትኩረቷን እንደ ልብ ለመለወጥ የምታስችል አልነበረችም። በእንዲህ ያለ ካሜራ የሚሠራ ልጅ ሊመርጥ የሚችለው የሚቆምበትን ስፍራ፣ የብርሃኑን አቅጣጫና የሚጠብቅበትን ሰዓት ነው።

በ1963፣ ገና በሃያ ዓመቱ፣ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት ዳሬሰላም ውስጥ አቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት በዛንዚባር የተነሣውን አብዮት ቀረጸ። በ1966 እዚያው ዛንዚባር ታስሮ ለአንድ ወር ገደማ ከማቀቀ በኋላ ከታንዛኒያ ተባረረና ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። በ1969 የኬንያው ፖለቲከኛ ቶም ምቦያ በናይሮቢ ጎዳና ላይ በጥይት ሲመቱ ካነሣው ምስል በኋላ ስሙ ከአፍሪካ ውጭም ታወቀ።

ዜና ከሚያሯሩጠው ኑሮ ጎን ለጎን መሐመድ የምድሪቱን መልክ የሚያሳዩ በርካታ የፎቶግራፍ መጻሕፍት አዘጋጅቷል። ከፎቶ አንሺው ደንከን ዊሌትስና ከጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ጋር ያሳተመው አንዱ መጽሐፍ የኬንያ ተራራን ታሪክ የሚተርክ ነው።

ተራራው 5,199 ሜትር ከፍታ ያለውና በምድር ወገብ አጠገብ የቆመ ነው። በዚያ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው የማለዳ ብርሃን ቶሎ ያልፋል፤ ከረፋድ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ደመና ጫፉን ይሸፍናል። የዘመኑ የቀለም ፊልም ስሕተትን ይቅር የሚል አልነበረም። ብርሃኑ ጥቂት ሲበዛ በረዶው ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ ሲያንስ ደግሞ ሸለቆው ይጠቁራል።

በአቅራቢያው ባለው የአበርዴር ብሔራዊ ፓርክ 273 ሜትር የሚወርደው የካሩሩ ፏፏቴ ሌላ ፈተና አለው። በቀትር ፀሐይ ውኃው ያንጸባርቃል፣ መልኩም ይጠፋል። ሰማዩ ሲዳምን ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አጽንቶ መዝጊያውን ለግማሽ ሰከንድ ያህል ከፍቶ የሚተው ግን ውኃው እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ጢስ ዓባይንም ቢሆን በማለዳ የሚያነሣና በቀትር የሚያነሣ ሰው አንድ ዓይነት ምስል ይዘው አይመለሱም።

ዓለም መሐመድን ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰውም ማለዳ ላይ በቀረጸው ምስል ነው። በ1984 ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር በወቅቱ ወሎ ክፍለ ሀገር ይባል በነበረው ግዛት ወደምትገኘው ኮረም ደረሰ። በተራሮች የተከበበው ቀዝቃዛ ሜዳ ላይ ጎሕ ሲቀድ ከጭሱና ከጉሙ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የተራቡ ሰዎች ታዩ። ዘገባው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ በዓለም ዙሪያ ተዳረሰ። የሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ ዘመቻና በቀጣዩ ዓመት የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ኮንሰርት የዚህ ምስል ውጤቶች ነበሩ።

ምስሉ ብዙዎችን ከሞት ያተረፈውን እርዳታ ቀሰቀሰ። በሌላ በኩል ግን በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለብዙ ዓመታት የአገራቸው ስም በተነሣ ቁጥር ረሃብ ብቻ እየተነሣባቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ኮረምን ያየው ዓለም ኮረምን የከበቡትን ተራሮች ልብ አላለም።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ የደርግ መንግሥት በወደቀ በሳምንቱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ መሐመድ በስፍራው ነበር። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሕይወቱን አጣ፤ መሐመድም ግራ እጁን። የዜና ካሜራ በአንድ እጅ ይያዛል፣ በሌላው ምስሉ ይስተካከላል፤ ስለዚህ ብዙዎች ሙያው አበቃ ብለው ነበር። እርሱ ግን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ፣ ካሜራውንም ከአዲሱ አካሉ ጋር አስማምቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እጁን ያጣባትን አገርም አልራቃትም። በ1995 ካሜራፒክስ ለጎብኚዎች የተዘጋጀ የኢትዮጵያ መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ። አገሪቱን በረሃብ ምስል ያስተዋወቀው ሰው ድርጅት በዚህ ጊዜ አንባቢውን የጋበዘው ተራራዋን፣ ሐይቆቿንና ጥንታዊ ሥልጣኔዋን መጥቶ እንዲያይ ነበር። ይህ መጽሐፍ የኮረምን ያህል ተመልካች አላገኘም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በኅዳር ወር 1989 ዓ.ም.፣ መሐመድና ብራያን ቴትሊ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተሳፈሩ። አውሮፕላኑ ተጠልፎ ነዳጅ በመጨረሱ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች 125ቱ ሲሞቱ ሁለቱ ባልደረቦች አብረው አለፉ። መሐመድ 53 ዓመቱ ነበር።

ልጁ ሳሊም አሚን ካሜራፒክስን ተረክቦ የአባቱን ሥራ ናይሮቢ ውስጥ በክብር አስቀምጧል። በዚያ ማኅደር የኮረም ማለዳና የኬንያ ተራራ ማለዳ ጎን ለጎን ይገኛሉ።