ኒኮላ ለብላን፦ ከገበታ ጨው ሶዳ ያወጣው ሐኪም

ብርጭቆ ያለ ሶዳ በቀላሉ አይቀልጥም፤ ሳሙናም ያለ ሶዳ ጠንክሮ ለመቆረጥ አይበቃም፤ የጥጥ ጨርቅም ከመንጣቱ በፊት በሶዳ ውኃ መቀቀል ነበረበት። እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ግን ይህን ያህል ተፈላጊ የሆነው ቁስ የሚገኘው ከፋብሪካ ሳይሆን ከአመድ ነበር። በስፔን የባሕር ዳርቻ፣ በተለይም በአሊካንቴ አካባቢ፣ በጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ እየታጨደና እየደረቀ በጉድጓድ ውስጥ ይቃጠል ነበር፤ አመዱም በመርከብ ተጭኖ ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር። ከዚህ አመድ ከመቶ 20 እስከ 30 እጅ የሚሆነው ሶዳ ነው። በስኮትላንድ የባሕር አረም የሚያቃጥሉ ድሆች የሚያገኙት አመድ ደግሞ ከመቶ 10 እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። በስምጥ ሸለቆአችን እንዳለው እንደ አቢጃታ ያለ፣ ውኃው ሶዳ ያዘለ ሐይቅ ለፈረንሣይ አልተሰጣትም። በሌላ በኩል ባሕሯ ጨው ሞልቶታል፤ ጨውና ሶዳም የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ዱአሜል ዱ ሞንሶ የተባለው ሊቅ በ1736 አሳይቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የቀረው ጥያቄ አንዱን ወደ ሌላው በርካሽ ዋጋ የሚለውጥ ዘዴ ማግኘት ነበር። የፈረንሣይ የሳይንስ አካዳሚ ዘዴውን ላገኘ ሰው 2,400 ሊቭር ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ይህን እንቆቅልሽ የፈታው ኬሚስት ነኝ ብሎ የሚኖር ሰው አልነበረም። ኒኮላ ለብላን በ1742 በመካከለኛው ፈረንሣይ፣ ኢቯ-ለ-ፕሬ በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ በአንድ የብረት ማቅለጫ ውስጥ አነስተኛ የሥራ ኃላፊ ነበር፤ እርሱም ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው በ1751 ሞተ። ኒኮላ በቡርዥ ከተማ ከሚኖር የቤተሰቡ ወዳጅ ከሆነ ሐኪም ዘንድ አደገ። አሳዳጊው በ1759 ሲሞት ወጣቱ ወደ ፓሪስ ሄዶ በቀዶ ጥገና ትምህርት ቤት ገባ። በሙያው ተመርቆ፣ በ1775 ሚስት አግብቶ፣ ከሕክምናው በሚያገኘው ገቢ ይኖር ጀመር። ገቢው ግን ሰፊ አልነበረም። በ1780 የኦርሊያን መስፍን ቤት የግል ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ቀደም ሲል የእንጀራ ጉዳይ ብቻ የነበረው ይህ ሹመት በኋላ የሕይወቱን ዕጣ የሚወስን ሆነ።

ለብላን ከሕመምተኞቹ የተረፈውን ጊዜ የሚያሳልፈው በክሪስታሎች ጥናት ነበር። ጨዎች ከውኃ ውስጥ እንዴት ቅርጽ ይዘው እንደሚረጉ፣ ቅርጻቸውንም እንዴት መምራት እንደሚቻል ለዓመታት መረመረ። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ መሟሟትን፣ ማትነንንና ማጥራትን አስተማረው። በሶዳው ጉዳይ ላይ ከእርሱ በፊት የሞከሩ ብዙዎች ነበሩ። ማልኸርብ የተባለ መነኩሴ በ1777 ጨውን በሰልፈሪክ አሲድ ወደ ሶዲየም ሰልፌት ከለወጠ በኋላ ከከሰልና ከብረት ጋር አቃጥሎ ጥቂት ሶዳ አግኝቷል፤ ወጪው ግን ከትርፉ በለጠ። ደ ላ ሜትሪም በ1789 ሰልፌቱን በከሰል ብቻ ማቃጠል ይበቃል ሲል ጻፈ። የዚህ ሰው ኬሚስትሪ ስሕተት ነበር፤ በከሰል ብቻ ሲቃጠል የሚወጣው ሰልፋይድ እንጂ ሶዳ አይደለም። ሆኖም ለብላን መንገዱን የጠቆመው ይኸው ጽሑፍ መሆኑን ራሱ አልሸሸገም። ከዚያ በኋላ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኖራ ድንጋይ ጨመረበት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። የዘዴው ሙሉ ኃይል ግን በዚህች ጭማሪ ላይ የቆመ ነው። በመጀመሪያ ጨውና ሰልፈሪክ አሲድ አንድ ላይ ሲሞቁ ሶዲየም ሰልፌት ይቀራል፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚሆነው ጋዝ ይተናል። ከዚያ ሰልፌቱ ከተፈጨ የኖራ ድንጋይና ከከሰል ጋር ተቀላቅሎ ወደሚነድ ምድጃ ይገባል። በኋላ ዘመን በፋብሪካዎች በተለመደው መጠን ለ100 እጅ ሰልፌት ወደ 100 እጅ የኖራ ድንጋይና የዚያ ግማሽ ያህል ከሰል ይገባል። ከሰሉ ኦክስጅንን ከሰልፌቱ ይነጥቃል፤ የቀረው ሰልፋይድ ደግሞ ከኖራ ድንጋዩ ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ድኙ ወደ ካልሲየም ይሄዳል፤ ካርቦኔቱ ወደ ሶዲየም ይመጣል። ከምድጃው የሚወጣው ጥቁር ቅላጭ ተሰባብሮ በውኃ ሲታጠብ ሶዳው ይሟሟል፤ በውኃ እምብዛም የማይሟሟው ካልሲየም ሰልፋይድ ወደ ኋላ ይቀራል። ውኃው ሲተን ሶዳው ይረጋል። ማዕድን፣ ከሰልና የኖራ ድንጋይ በአንድ ምድጃ፤ የብረት ማቅለጫ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ድብልቅ ያውቀዋል። ለብላንም የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ ልጅ ነበር።

ኢንጂነሮች የምናደንቅለት ሌላም ነገር አለ። ከአራቱ ጥሬ ዕቃዎች ሦስቱ፣ ጨው፣ የኖራ ድንጋይና ከሰል፣ በፈረንሣይ ምድር በየስፍራው የሚገኙና ርካሽ ነበሩ። ውዱ ሰልፈሪክ አሲድ ብቻ ነበር፤ ለእርሱም ድኝ ከውጭ፣ በብዛት ከሲሲሊ፣ መምጣት ነበረበት። በዚያ ላይ የዘመኑ የጨው ግብር ጥሬ ዕቃውን ያስወድደው ነበር፤ ይህ ግብር በ1790 በአብዮቱ ተሻረ። ዘዴው የተገኘው ለእርሱ በተመቸው ሰዓት ነበር ማለት ይቻላል።

መስፍኑ በዚያ ጊዜ ለንደን ነበር። በየካቲት 1790 በዚያው በለንደን በተፈረመው ውል 200,000 ሊቭር ለማውጣት ተስማማ። በውሉ ውስጥ ከለብላን ጋር ሚሼል ዲዜ የተባለ ወጣት ኬሚስትም ገባ፤ ዲዜ በኮሌጅ ደ ፍራንስ የሚያስተምረው የዣን ዳርሴ ረዳት ነበርና የለብላንን ሙከራ በቤተ ሙከራ ያረጋገጠው እርሱ ነው። በመጋቢት ወር የዘዴው ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ለአንድ የፓሪስ ውል አዋዋይ በአደራ ተሰጠ። ፋብሪካው ከፓሪስ በስተ ሰሜን፣ በሴን ወንዝ አጠገብ በሳን-ደኒ ተሠራ። በመስከረም 25 ቀን 1791 ለብላን ለ15 ዓመት የሚጸና የፈጠራ መብት ተሰጠው። ፋብሪካውም በቀን ከ250 እስከ 300 ኪሎ ግራም ሶዳ ማውጣት ቻለ። አካዳሚው ቃል የገባው 2,400 ሊቭር ግን ለብላን እጅ አልገባም፤ የነገሥታቱ አካዳሚ ራሱ በ1793 ተዘጋ።

በዚያው ዓመት ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ፈረንሣይ ከእንግሊዝና ከስፔን ጋር ጦርነት ውስጥ ስለገባች የስፔን አመድ መምጣቱ ቀረ። አገሪቱ የነበራት ፖታሽ ባሩድ ለሚሠራበት ናይትሬት ይፈለግ ስለነበር ሳሙና ሠሪውና ብርጭቆ ሠሪው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሶዳ የጦር ኃይል ጉዳይ ሆነ። መስፍኑ ደግሞ የንጉሡ ዘመድ ቢሆንም ስሙን ለውጦ አብዮቱን ተቀላቅሎ፣ በንጉሡም ሞት ላይ ድምፁን ሰጥቶ ነበር፤ ይህ አላዳነውም። በኅዳር 6 ቀን 1793 በጊዮቲን ተገደለ፤ ንብረቱም ተወረሰ። ሳን-ደኒ ያለው ፋብሪካ በመስፍኑ ገንዘብ የተሠራ ስለ ነበር አብሮ ተወረሰ።

በጥር 1794 የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ ሶዳ የማውጣት ዘዴ የሚያውቅ ዜጋ ሁሉ ለአገሩ ሲል ምስጢሩን እንዲገልጥ ጠየቀ። ለብላንና ዲዜ ሰጡ። ዳርሴ ያለበት የባለሙያዎች ቡድን የቀረቡትን ዘዴዎች መርምሮ የሳን-ደኒውን ከሁሉ የተሻለ መሆኑን መሰከረ፤ ሪፖርቱም ከነምድጃዎቹ ንድፍ ታትሞ ወጣ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ማንም ሰው ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ሊሠራበት ይችላል። ፋብሪካው ግን እንዲሠራ አልተደረገም፤ በመጋዘን የነበረው ሶዳና ጥሬ ዕቃ ተሸጦ ምድጃዎቹ ቀዘቀዙ።

በጦርነት ጊዜ መንግሥት ምስጢሩን መጠየቁን ብቻ ይዞ መውቀስ ቀላል ነው። ያለ ባሩድ የምትቀር አገር የአንድ ሰው መብት እስኪያልቅ 15 ዓመት ልትጠብቅ አትችልም። ይቅር የማይባለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምስጢሩን ወስዶ ፋብሪካውን ዘግቶ ማስቀመጥ ለአገሪቱም ለሰውየውም የማይጠቅም፣ ሁለት ጊዜ የሚያከስር ውሳኔ ነበር፤ የሶዳው ችግርም በእርሱ አልተቃለለም።

ለብላን ወደ ሕክምናው አልተመለሰም። በአብዮቱ ዓመታት በልዩ ልዩ የመንግሥት ኃላፊነቶች ላይ ተመድቦ ሠራ፤ አብዛኛውም ክብር እንጂ በቂ ደመወዝ የሌለው ነበር። ከእንስሳት ተረፈ ምርት አሞኒያ ስለሚወጣበትና ማዳበሪያ ስለሚሠራበት መንገድ ሙከራ አደረገ፤ በ1802 ስለ ክሪስታሎች የደከመበትን መጽሐፍ አሳተመ። በየቢሮው ደጅ እየጠናም ፋብሪካው እንዲመለስለት፣ ለተወሰደበት ምስጢርም ካሣ እንዲከፈለው ለዓመታት አቤት አለ። በመጨረሻ ፋብሪካው በአዲሱ መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ተመለሰለት። የተመለሰው ግን ግድግዳና የዛገ ዕቃ ነው። ለጨው፣ ለአሲድና ለከሰል መግዣ፣ ለሠራተኛም መቅጠሪያ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም፤ የኦርሊያን መስፍንን የመሰለ ሌላ ባለ ገንዘብም አልተገኘም። ዘዴውን በነፃ ያገኙ ሌሎች ሰዎች ደግሞ በተሻለ ካፒታል መወዳደር ጀምረው ነበር። በ1805 የካሣው ጉዳይ በሽምግልና ታይቶ ወደ 52,000 ፍራንክ ተወሰነለት፤ ይህም ከጠየቀው እጅግ ያነሰ፣ ዕዳውንም ከፍሎ ፋብሪካውን ለማንሣት የማይበቃ ነበር።

ጥር 16 ቀን 1806 ኒኮላ ለብላን በሳን-ደኒ ራሱን በሽጉጥ ገደለ። ዕድሜው 63 ነበር። የፈጠራ መብቱ ሊያበቃ የቀረው ስምንት ወር ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1809፣ የናፖሊዮን መንግሥት እንደገና የተጣለውን የጨው ግብር ለሶዳ ፋብሪካዎች አነሣላቸው። በማርሴይ አካባቢ፣ የሳሙና ሠሪዎቹ ከተማ በሆነችው፣ የለብላን ምድጃዎች እየበዙ ሄዱ። በእንግሊዝ ጄምስ መስፕራት በ1823 በሊቨርፑል ጀመረ፤ በ1825 የጨው ግብሩ ጨርሶ ሲቀር ኢንዱስትሪው በመርሲ ወንዝ ዳርቻ ተስፋፋ። በሳን-ደኒ በኪሎ የሚቆጠረው ምርት በዚያ በብዙ ሺህ ቶን ይቆጠር ጀመር።

ምርቱ በበዛ ቁጥር ለብላን በትንሹ ፋብሪካው ብዙም ያላስጨነቀው ጉዳይ ተገለጠ። ስሌቱ በወረቀት ላይ ያለ ነው፦ ለእያንዳንዱ 106 ኪሎ ግራም ሶዳ 73 ኪሎ ግራም የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝና 72 ኪሎ ግራም ካልሲየም ሰልፋይድ ይወጣል። ጋዙ በጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ ይለቀቅ ነበር፤ ዛፎች ደረቁ፣ ሰብል ተቃጠለ፣ የብረት ዕቃ ዛገ፤ መስፕራትም ተደጋግሞ ተከሰሰ። ሰልፋይዱ በሜዳ ላይ ተከመረ፤ ዝናብ ሲነካው የገማ እንቁላል ሽታ ያለውን ጋዝ ያወጣል። ያ ሁሉ ድኝ ከሲሲሊ በውድ ዋጋ ተገዝቶ የመጣ መሆኑን ያስታውሷል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ቆሻሻውን ወደ ዕቃ የመለወጥ ታሪክ ነው። በ1836 ዊልያም ጎሳጅ አንድ የተተወ የነፋስ ወፍጮ ማማ በጭራሮ ሞልቶ ከላይ ውኃ አንጠባጠበበት፤ ከታች የገባው ጋዝ በውኃው ውስጥ ሟሟ። መጀመሪያ አሲዱን ወደ ወንዝ ስለደፉት ችግሩ ከአየር ወደ ውኃ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በ1863 የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ፋብሪካዎቹ ከጋዙ ከመቶ 95 እጁን እንዲይዙ አስገደደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዌልደንና ዲከን በየራሳቸው መንገድ አሲዱን ወደ ክሎሪን ለወጡት፤ ክሎሪኑም ለጨርቅና ለወረቀት ማንጫ የሚሆን ዱቄት ሆነ። ቀድሞ የሚያስከስሰው ጋዝ የፋብሪካው ሁነኛ ገቢ ሆነ። ድኙን ከሰልፋይዱ መልሶ የሚያወጣ አስተማማኝ ዘዴ ቻንስ የተባለው ኢንዱስትሪያሊስት ለሥራ ያበቃው በ1880ዎቹ ማለቂያ ነው።

ያ ግን ዘግይቶ የመጣ ነበር። ቤልጂጋዊው ኤርነስት ሶልቬ በ1861 ባስመዘገበው ዘዴ ጨውና የኖራ ድንጋይን በአሞኒያ አማካይነት አገናኝቶ ያለ ሰልፈሪክ አሲድና ያን ያህል ከሰል ሳይፈጅ ሶዳ ያወጣ ነበር። የለብላን ፋብሪካዎች ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የተቋቋሙት በሶዳው ሳይሆን በክሎሪኑ ገቢ ነው። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1920ዎቹ መግቢያ ነበር።

የለብላን ወራሾች በሁለተኛው ናፖሊዮናዊ መንግሥት ዘመን ጉዳዩን እንደገና አንሥተው ነበር። የዲዜ ቤተሰብም ግኝቱ የአባታችን ነው ብሎ ስለተከራከረ የሳይንስ አካዳሚ መረመረውና በ1856 በኬሚስቱ ዱማ አማካይነት ባቀረበው ሪፖርት ግኝቱ የለብላን መሆኑን ወሰነ። ሐውልቱ በፓሪስ በኪነ ጥበባትና ሙያ ተቋም ቅጥር ግቢ ቆሟል። በእንግሊዝ የሶዳ ከተማ በነበረችው በዊድነስ ደግሞ የያኔው ሰልፋይድ ክምር አፈር ለብሶ ሣር በቅሎበት ይገኛል፤ በዚያ መሬት ላይ መሠረት የሚቆፍር መሐንዲስ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ግራጫ ንብርብር ነው።