ባርባራ ጆርዳን እና የምርጫ ወረዳ ድንበር

ምርጫ በደረሰ ቁጥር ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ይሞቃል። የየፓርቲው እጩ በአትክልትና በቅመም መደብሮች መካከል እየተጋፋ የነጋዴውን እጅ ይጨብጣል። ከዚያ ጥቂት ተራምደን ኢትዮጵያ ጎዳና ስንደርስ ግን፣ የዚህ ሰፈር ተመራጭ ማን ነው ብንባባል መልስ የለንም። በእስራኤል አገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ወረዳ ነው፤ 120ዎቹ የክኔሴት ወንበሮች የሚከፋፈሉት ለፓርቲዎች ዝርዝር ነው። የወረዳ ድንበር የሰውን ዕድል እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት በዚህ ዕትም የአሜሪካዊቷን ባርባራ ጆርዳን ሕይወት መርጠናል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባርባራ ጆርዳን በ1936 በቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የመጋዘን ሠራተኛና የባፕቲስት ሰባኪ ነበሩ። በቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በክርክር ችሎታቸው ስም አተረፉ፤ በ1959 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ወደ ሂዩስተን ሲመለሱ ጥብቅናን የጀመሩት በወላጆቻቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

በ1962 እና በ1964 ለቴክሳስ ምክር ቤት ተወዳድረው ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፉ። ሰፈራቸው አልከዳቸውም። ድምፅ የሚሰጠው ግን በመላው ሃሪስ ካውንቲ ስለነበረና ጥቁሮች ከአምስት ሰው አንድ ገደማ ብቻ ስለነበሩ፣ የሰፈሩ ድምፅ በብዙኃኑ ተዋጠ። በሴኔቱም በኩል የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ለአንድ ካውንቲ ከአንድ ሴናተር በላይ አይፈቅድም ነበር፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለነበረው ሃሪስም ቢሆን።

በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የክልል ምክር ቤቶች ወረዳዎች በሕዝብ ብዛት እንዲመጣጠኑ ወሰነ። ካርታው በ1965 ሲከለስ ፊፍዝ ዋርድ በአዲሱ 11ኛ የሴኔት ወረዳ ውስጥ ገባ። በ1966 ያሸነፉት ጆርዳን ከ1883 ወዲህ በቴክሳስ ሴኔት የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆኑ። ሴትዮዋ ያው ናቸው፤ የተለወጠው መስመሩ ነው።

ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1971 ድንበሩ እንደገና ሲሠመር ጆርዳን ራሳቸው ሴናተር ነበሩ። በሂዩስተን መሐል ለኮንግረስ አዲስ 18ኛ ወረዳ ተፈጠረ፤ የቀድሞው የሴኔት ወረዳቸው ግን ተበታተነ። የምክር ቤት አባልና እንደ እሳቸው ጥቁር የነበሩት ከርቲስ ግሬቭስ፣ ጆርዳን የኮንግረስ ወንበር ለማግኘት የጥቁሮችን የሴኔት ወንበር ሸጡ ብለው ከሰሷቸው። መራጩ በ1972 በሰፊ ልዩነት ለጆርዳን ፈረደ። ይሁን እንጂ እስከ 1983 ድረስ በቴክሳስ ሴኔት ሌላ ጥቁር አልተቀመጠም። ስለዚህ ክሱን ባዶ ነበር ብለን አናልፈውም፤ አንዱን በር የከፈተ መስመር ሌላውን ሊዘጋ ይችላል።

ኮንግረስ ከገቡ በኋላ በ1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከሥልጣን እንዲነሱ በተመከረበት ኮሚቴ ያደረጉት ንግግር በመላ አገሪቱ አሳወቃቸው። በ1975 ደግሞ የመምረጥ መብት ሕጉ ቴክሳስን እንዲያካትትና እንግሊዝኛ የማይችሉ መራጮች በቋንቋቸው እንዲረዱ ታገሉ። አማርኛ ብቻ የሚያነቡ ወላጆች ያሉን እኛ የዚህን ትርጉም እናውቀዋለን። በ1979 ከኮንግረስ ወጥተው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ ለረጅም ጊዜ ከታገላቸው ሕመም ጋር ኖረው በጥር 1996 በ59 ዓመታቸው አረፉ።

በዚያው ዓመት በግንቦት አዲሱ መሰለ በሌበር ፓርቲ ዝርዝር ክኔሴት ገቡ፤ ከኢትዮጵያ ከመጣው ማኅበረሰባችን የመጀመሪያው ተመራጭ ሆኑ። ከአገሩ ሕዝብ ከ100 ሁለት እንኳ የማንሞላ እኛ፣ በኢየሩሳሌምም በነታኒያም ብንኖር ድምፃችን የሚገባው ወደ አንድ ቋት ነው። የሚሠመር ድንበር የለንም፤ የእኛ መስመር የዝርዝሩ ተራ ነው። እንግዲህ በመጪው ምርጫ እጩው ማሃኔ ይሁዳ መጥቶ እጃችንን ሲጨብጥ ይህን እንጠይቀው፦ ከእኛ መካከል ያለው ሰው በዝርዝራችሁ ስንተኛ ነው? ተራውንስ ማን ወሰነው?