ስሕተትን ከነስፍራው ያገኙ ሊቅ፦ ሪቻርድ ሀሚንግ

በእህል በረንዳ የጤፉን፣ የስንዴውንና የገብሱን ኩንታል በየዓይነቱ አግድም፣ በየቀኑም ቁልቁል ደምሮ የሚመዘግብ ነጋዴ አንድ ቁጥር ቢበላሽበት፣ አልገጥም ያሉት ሁለት ድምሮች የሚገናኙበት ቦታ ጥፋቱን ያሳየዋል፤ ልዩነቱም ትክክለኛውን ቁጥር ይመልስለታል። ይህን መሰሉን ጥንቃቄ ወደ ረቂቅ ሒሳብ ያደረሱት ሪቻርድ ሀሚንግ ናቸው።

ሀሚንግ በ1915 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ተወልደው በ1946 ቤል በተባለው የስልክ ምርምር ላቦራቶሪ ሥራ ያዙ። የላቦራቶሪው የሒሳብ መኪና ሠራተኛ በማይኖርባቸው የዕረፍት ቀናት ስሕተት ሲያጋጥመው የጀመረውን ሥራ ትቶ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። በዚህ የተማረሩት ሀሚንግ፣ ስሕተት መኖሩን የሚያውቀው መኪና ስፍራውንም ለይቶ እንዲያርም ለማድረግ ተነሡ። በ1950 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በ0ና በ1 በሚጻፉ 4 ምልክቶች ላይ 3 መቆጣጠሪያዎች ቢታከሉ ከሰባቱ አንዱ ሲሳሳት ማረም እንደሚቻል አሳዩ። በ1968 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጣቸው።

በ1978 ሮበርት ማክኤሊስ ይህንኑ ጥበብ ለምሥጢር ጥበቃ አዋሉት፦ ላኪው በመልእክቱ ላይ ሆን ብሎ ስሕተት ይጨምራል፤ የኮዱን ስውር አሠራር የያዘው ተቀባይ ብቻ ያርመዋል። ሀሚንግ በ1998 ዐረፉ። በ2025 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የኳንተም ኮምፒዩተርን ጥቃት ይቋቋማሉ ካላቸው ዘዴዎች አንዱ አድርጎ የመረጠው በስሕተት አራሚ ኮድ ላይ የቆመ ነው።