የማርሚታው ሊቅ ዋልተር ካዴን

ናይትሮ የሚባሉትን በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ የውድድር መኪናዎች ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ድምፃቸው ነው። ሞተሩ መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ ጩኸቱ ግን ሰፈር ያናውጣል። የሚጠጣው ቤንዚን ሳይሆን የሜታኖል፣ የናይትሮሜቴንና የዘይት ድብልቅ ነው። 3.5 ሲሲ ብቻ የሆነ የውድድር ሞተር በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ሞተሩን ላሻሽለው ብሎ የተነሳ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ነዳጁ ላይ ነው፤ የናይትሮውን መጠን ከፍ ያደርጋል፣ የካርቡሬተሩን ብሎን ያጠብቃል፣ ያላላል። በጎን የተንጠለጠለችው ሆዷ ያበጠ ማርሚታ ግን ድምፅ ከመቀነስ ሌላ ሥራ ያላት አይመስለውም። ትልቁ ጉልበት የተደበቀው ግን እሷ ጋ ነው። የዚህችን ማርሚታ ምስጢር ከማንም በላይ የፈታው ደግሞ ዋልተር ካዴን የተባለ የጀርመን መሐንዲስ ነው።

ካዴን እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት፣ ፖበርሻው በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የዲኬደብሊው ሞተር ሳይክል ፋብሪካ ኃላፊ ሾፌር ስለነበር ልጁ ያደገው የሞተር ወሬ እየሰማ ነው። ኬምኒትዝ ከተማ ምሕንድስና ተምሮ በ1940 ሄንሸል የተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ ገባ። እዚያ የሠራው ኤችኤስ 293 የተባለውን ቦምብ ከነደፈው ከኸርበርት ቫግነር ቡድን ጋር ነው። ይህ ቦምብ ከአውሮፕላን ከተጣለ በኋላ በሬዲዮ የሚመራ ነበር። ወታደሩ አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጦ በእጁ በያዛት ትንሽ ዘንግ ወደ መርከብ ይነዳዋል። በኅዳር 1943 ሮና የተባለችውን የወታደር ማጓጓዣ መርከብ መትቶ ከ1,000 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች አልቀዋል። ስለ ካዴን የሚጽፉ የስፖርት ሰዎች ይህቺን ምዕራፍ በአንድ መስመር ነው የሚያልፏት። እኔ ግን መታለፍ የለባትም ባይ ነኝ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ካዴን አገሩ ተመለሰና የእንጨት ሥራ ጀመረ። የፈረሰ ቤት ሁሉ ጣሪያ ይፈልግ ስለነበር ሥራ አልጠፋም። በትርፍ ሰዓቱ ግን የራሱን የውድድር ሞተር ሳይክል ይገጣጥም ነበር። አካባቢው አሁን የምሥራቅ ጀርመን ሆኗል፤ የድሮው የዲኬደብሊው ፋብሪካም የመንግሥት ሆኖ ኋላ ኤምዜድ ተብሏል። ይህ ፋብሪካ በ1953 የውድድር ክፍሉን እንዲመራለት ካዴንን ጠራው። ገንዘብ የለ፣ ጥሩ ብረት የለ፣ ተቀናቃኞቹ ግን እነ ሆንዳ ናቸው።

ታዲያ ምን አደረገ? እዚህ ላይ ትንሽ ሞተር እንማር። ባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ሞተር እንደ መኪና ሞተር ከላይ ቫልቭ የለውም። ፒስተኑ ራሱ ሲወርድ የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። ችግሩ የጭስ መውጫው የሚዘጋው ከነዳጅ ማስገቢያው በኋላ መሆኑ ነው። በዚህች ቅጽበት ገና ያልተቃጠለ ነዳጅ ከጭሱ ጋር አብሮ ሹልክ ይላል። ካዴን ኦሲሎስኮፕ የተባለውን የሞገድ ማሳያ መሣሪያ ይዞ ማርሚታው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አጠና። ጭሱ ሲወጣ የግፊት ሞገድ ይዞ ይሮጣል። ቧንቧው እየሰፋ ሲሄድ ወደ ኋላ የሚመለሰው ሞገድ የመሳብ ኃይል ስላለው ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ጭስ ጠርጎ ያወጣል። ቧንቧው ተመልሶ ሲጠብ ደግሞ ሞገዱ ነጥሮ ይመለስና ያመለጠውን ነዳጅ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የታክሲ ረዳት የመጨረሻውን ተሳፋሪ በግድ ገፍቶ በሩን ጥርቅም እንደሚያደርገው ማለት ነው። ሰዓቱ ካልተገጣጠመ ግን ዋጋ የለውም፤ ሰዓቱን የሚወስነው የቧንቧው ርዝመት ነው።

ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ የእሱ አልነበረም። ሆዷ ያበጠችውን ማርሚታ ኤሪክ ቮልፍ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ቀድሞት ሞክሯል፤ እየተሽከረከረ ነዳጅ የሚያስገባውን ዲስክ ያገኘው ደግሞ ከዳንኤል ዚመርማን ነው። ካዴን ግን ሁሉንም አዋህዶ፣ ለክቶና ደጋግሞ ሞክሮ አንድ አደረጋቸው። በ1961 የ125 ሲሲ ሞተሩ 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ይህ በሊትር ሲሰላ 200 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ያለ አየር መጭመቂያ እዚህ የደረሰ ሞተር ከዚያ በፊት አልነበረም።

ይኼኔ ነው ጉዱ የመጣው። ምርጡ ጋላቢው ኧርንስት ደግነር በዚያው ዓመት የ125 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የበርሊን ግንብ ነሐሴ ላይ ታጠረ። መስከረም ላይ በስዊድኑ ክሪስቲያንስታድ ውድድር የደግነር ሞተር ፈነዳ። በዚያው ቀን እሱ ወደ ምዕራብ ከዳ፤ ሚስቱና ልጆቹም በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተደብቀው ወጡ። ዋንጫውን የሆንዳው ቶም ፊሊስ ወሰደ። ደግነር ግን ባዶ እጁን አልሄደም፤ የካዴንን ምስጢር ይዞ ጃፓን ሱዙኪ ፋብሪካ ገባ። በ1962 ሱዙኪ በ50 ሲሲ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ሲያነሳ ጋላቢው ደግነር ነበር።

ሌባ እንበለው ይሆን? ልጆቹን ከግንብ ጀርባ ላለማሳደግ የሸሸን አባት በዚህ ብቻ መፍረድ ይከብደኛል። ያም ሆኖ ሰባት ስምንት ዓመት የተለፋበት ሥራ በአንድ ሻንጣ ሄዷል፤ ወጪውን የከፈለው ደግሞ ካዴን ነው። የሱዙካ የውድድር ሜዳ ውስጥ በደግነር ስም የሚጠራ መታጠፊያ አለ፤ በ1962 የወደቀባት ቦታ ናት። ለካዴን መታጠፊያ የሰየመለት የለም።

ካዴን አልሸሸም፤ ሥራውንም አልተወም። ኤምዜድ እስከ 1976 ድረስ በእሱ ሞተሮች 13 ግራንድ ፕሪ አሸንፏል፣ አንድም ጊዜ ግን የዓለም ሻምፒዮን አልሆነም። እነ ሱዙኪና ያማሃ በዚያው መንገድ ሄደው ከ1975 ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ የትልቁን ክፍል፣ የ500 ሲሲውን ዋንጫ ከሞላ ጎደል በሙሉ በቱ ስትሮክ ወሰዱት። ካዴን የሞተው በ1996፣ በ76 ዓመቱ፣ እዚያው ሳክሶኒ ነው።

የናይትሮ መኪና ያለው ልጅ ዛሬ ማርሚታውን በጥቂት ሚሊሜትር ሲያሳጥረው ጉልበቱ ወደ ከፍተኛው ዙር ይሸሻል፤ መኪናው ቀጥታው ላይ ይበራል፣ ከመታጠፊያ ሲወጣ ግን ያነክሳል። ሲያስረዝመው ተቃራኒው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ካርቡሬተሩ ብሎን መሄድ።