ዋጊኖስ በማን ስም ይጠራል?

ጄምስ ብሩስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዓባይ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዋጊኖስ የምንለው መድኃኒተኛ ትንሽ ዛፍ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ እንደሚባል ካነበብኩ በኋላ ግን ሰውየው ማን እንደነበረ ማጣራት ጀመርኩ።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በሚባል ቦታ ተወለደ። ሕግ ጀምሮ ተወው፣ የወይን ጠጅ ንግድ ሞከረ፣ ሚስቱ በተጋቡ በወራት ውስጥ ሞተችበት። ከዚያ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆነ። በ1769 ምፅዋ ደርሶ በዓመቱ ጎንደር ገባ። በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች በማከሙም ተወዳጅነት አገኘ። ግሽ ዓባይን ያየው በ1770 ኖቬምበር ላይ ነው።

አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ ነበረ። ዕፅዋቱን፣ ወፎቹን እየተቀመጠ የሚሥለው እሱ ነው። ግሽ ድረስ አብሮ ሄዶ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን አገሩ ሲገባ ሥዕሎቹን የራሱ አድርጎ አቀረበ፤ በመጽሐፉም ሠዓሊው ከግሽ ጉዞ በፊት የሞተ አስመሰለው። እኛ እኮ ገና ሁለተኛ ዓመት ነን፣ ግን የሌላ ሰው ያነሳውን ፎቶ በራስ ስም ማውጣት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ይሄን ሳነብ በጣም ነው የተናደድኩት።

ወደ ዛፉ ልመለስ። ብሩስ በሱዳን ጠረፍ በኩል ሲመለስ ቆላ ላይ የደም ተቅማጥ ያዘው። ያዳነው የአገሬው ሰዎች የሰጡት የዋጊኖስ ሥር ቅርፊት ነው፤ ደርቆ የተፈጨ። ዘሩን ይዞ አውሮፓ ገባ። በ1770ዎቹ መጨረሻ ጆን ፍሬድሪክ ሚለር የሚባል ሠዓሊ ተክሉን ሥሎ ሲያሳትም አዲስ ጂነስ፣ ማለትም ራሱን የቻለ የዕፅዋት ወገን አድርጎ ብሩሲያ አለው። አንቲዲሴንቴሪካ የሚለው የዝርያ ስሙ ደግሞ ፀረ ተቅማጥ እንደማለት ነው። እስከ ኢንዶኔዥያና አውስትራሊያ ያሉት ዘመዶቹም ዛሬ በብሩስ ስም ይጠራሉ። መድኃኒቱን ያወቁት ሰዎች ስሙ ውስጥ የሉም፤ ባሉጋኒም የለም።

ብሩስ ራሱም ስም አውጪ ነበር። ኮሶን በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ አለው። መጽሐፉ በአምስት ቅጽ በ1790 ሲወጣ ግን ስሙ ተቀድሟል፤ በ1782 ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ነበር። አንድ ስም ለሁለት ጂነስ አይሆንምና ኮሶ በጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም ሃጌኒያ ተባለ።

አገሩ ሰዎች ብሩስን ውሸታም ይሉት ነበር። የሚገርመው ደግሞ የሳቁበት ሐበሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል በማለቱ ነው! በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲል ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች የብሩሲያ ነው ብለው ካሰቡት ቅርፊት መርዝ አወጡና ብሩሲን አሉት። ኋላ ሲጣራ ቅርፊቱ ኑክስ ቮሚካ የሚባል የእስያ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተቀየረም።