የጥርጣሬው ሊቅ ሬኔ ዴካርት

የሒሳብ ሊቁና ፈላስፋው ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1596 በፈረንሳይ አገር ተወለደ። ላ ፍሌሽ በተባለው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ1616 የሕግ ትምህርቱን ፈጸመ። ይሁን እንጂ ከቀሰመው ዕውቀት ሁሉ፣ ከሒሳብ በቀር እርግጠኛ የሚባለው ጥቂት መሆኑ ዕረፍት ነሣው።

በኔዘርላንድ ተቀምጦ በ1637 አልጀብራን ከጂኦሜትሪ ጋር ያዋሐደበትን ሥራ አሳተመ። በ1641 በላቲን ባወጣው ታላቅ መጽሐፉ ደግሞ፣ የምናየውና የምንዳስሰው ዓለም ሁሉ ሕልም ወይም አንድ ኃያል አታላይ መንፈስ የፈጠረብን ምትሐት ቢሆንስ ሲል ጠየቀ። የደረሰበት መልስ፣ ሁሉም ማታለያ ቢሆን እንኳ የሚታለልና የሚጠራጠር አሳቢ መኖሩ አይካድም የሚል ነው። መጽሐፉ ከመታተሙ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጁ ፍራንሲን ሞታበት መራራ ሐዘን ላይ ወድቆ ነበር።

በ1649 በንግሥት ክርስቲና ጥሪ ወደ ስዊድን ሄደ፤ በዚያው ክረምት በሳንባ ምች ታሞ በ1650 በ53 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ ዓለማችን በኮምፒዩተር የተቀነባበረች አምሳያ ትሆን ይሆን ብለው የሚከራከሩ ሊቃውንት፣ በአታላዩ መንፈስ ቦታ መሣሪያውን ተኩ እንጂ ጥያቄው የእርሱ ነው። መልሱም ዛሬ ድረስ ጸንቶ ይገኛል፤ ዓለሙ ምትሐት ቢሆን እንኳ፣ የሚያስበው ሰው ሐሳብና የሚያዝነው አባት ሐዘን እውነት ናቸው።