ብሉበርድ፦ የዶናልድ ካምቤል ሕይወትና የጀልባዋ ዕጣ

በየብስና በውኃ ላይ የሚመዘገቡትን ሁለቱን የዓለም የፍጥነት ክብረ ወሰኖች በአንድ ዓመት ውስጥ የሰበረ ሰው እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል ነው። ስሙ ሲነሣ ግን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ክብረ ወሰኖቹን ሳይሆን ጃንዋሪ 4 ቀን 1967 በኮኒስተን ሐይቅ ላይ የደረሰበትን አሟሟት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለመሐንዲስ ዓይን የካምቤል ታሪክ ከአሟሟቱ ይልቅ ከሥራው በኩል ቢታይ የተሻለ ነው። ይህ ሰው ሥራውን የጀመረው የሌላ ሰው አሮጌ ጀልባ በመጠገን ሲሆን፣ የሞተውም በራሱ አሮጌ ጀልባ ላይ አዲስ ሞተር ገጥሞ ሲነዳ ነው። ከሞተ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላም ጀልባዋ ከሐይቁ ወጥታ እንደገና ተጠግናለች፤ ይህ ጥገና መደረግ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ክርክር ገና አልበረደም።

ዶናልድ ካምቤል ማርች 23 ቀን 1921 ለንደን አጠገብ በምትገኘው በኪንግስተን ተወለደ። አባቱ ሰር ማልኮልም ካምቤል በየብስ ዘጠኝ፣ በውኃ አራት ጊዜ የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን የሰበሩ፣ በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ የዩታ የጨው ሜዳ ላይ በመኪና በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጡ ዝነኛ ሰው ነበሩ። መኪኖቻቸውንና ጀልባዎቻቸውን ሁሉ፣ ከአንድ የሜተርሊንክ ቴአትር በወሰዱት ስም፣ ብሉበርድ ማለትም ሰማያዊዋ ወፍ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ልጁም ከአባቱ ጥላ ሥር አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ አየር ኃይል ለመግባት ቢያመለክትም፣ በልጅነቱ ይዞት በነበረው የቁርጥማት ትኩሳት ምክንያት በጤና ምርመራ ወደቀ፤ ስለዚህ የጦርነቱን ዘመን በአንድ የመኪና አካል ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጥገና ሠራተኛነት አሳለፈ። በኋላ ዝናው ሲገን ይህን ዘመን የሚያነሣለት ሰው ጥቂት ነበር፤ ሆኖም ጥገናን ከእጅ ሥራው የተማረው በዚያ ነው።

ሰር ማልኮልም በ1948 መጨረሻ ላይ ዐረፉ። ከንብረታቸው መካከል ኬ4 የተባለችው ጀልባ ትገኝ ነበር። ይህች ጀልባ በ1939 በኮኒስተን ሐይቅ ላይ በሰዓት 228 ኪሎ ሜትር ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘች ናት። ሰር ማልኮልም ከጦርነቱ በኋላ የፒስተን ሞተሯን አውጥተው የጄት ሞተር ገጥመውባት ነበር፤ ሙከራው ግን አልሠመረም። አሜሪካኖች ይህን ክብረ ወሰን ለመውሰድ እንደሚዘጋጁ በተሰማ ጊዜ ዶናልድ ኬ4ን ለመጠገን ቆረጠ። የጄት ሞተሩን አስወግዶ፣ በመጀመሪያ ለባሕር አውሮፕላን ውድድር የተሠራውን የሮልስ ሮይስ አር ሞተር መልሶ ገጠመላት። ከአባቱ ጋር ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሠራው ሊዮ ቪላ ለልጁም ዋና መካኒክ ሆነ። ቪላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚሰጠው ቦታ የበለጠ ይገባው ነበር፤ ሁለት ትውልድ ያገለገለ፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ባለ ሙያ ነበርና።

ጥገናው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ፤ ፍሬ ግን አልሰጠም። በጁን ወር 1950 ስታንሊ ሴየርስ የተባለው አሜሪካዊ ስሎ ሞ ሹን 4 በተባለች ጀልባው በሲያትል በሰዓት 258 ኪሎ ሜትር ሮጦ ክብረ ወሰኑን በሰፊ ልዩነት ወሰደው። የእርሱ ጀልባ በፍጥነት ስትሮጥ ከውኃው የምትነካው በሁለት የፊት ተንሳፋፊዎችና በኋላ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር ብቻ ነበር። ካምቤልና ቪላ ኬ4ንም በዚሁ ዘዴ ለማስኬድ አሻሻሏት፤ ነገር ግን በ1951 መጸው በሰዓት ወደ 270 ኪሎ ሜትር በምትሮጥበት ጊዜ ውስጧ ተሰብሮ ሰጠመች። ነጂዎቹ ተረፉ። ለዚያ ፍጥነትና ለዚያ አካሄድ ያልታሰበ ቀፎ፣ የቱንም ያህል ቢጠገን፣ አንድ ቦታ ላይ እንደሚሸነፍ ካምቤል በዚያ ቀን በገዛ ዓይኑ አየ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የየብሱ ክብረ ወሰን ባለቤት ጆን ኮብ በስኮትላንድ በሎክ ነስ ሐይቅ ላይ ክሩሴደር በተባለች የጄት ጀልባው በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሮጥ ጀልባዋ ተበታትና ሞተ።

ከዚህ በኋላ ካምቤል ያደረገው ነገር ከሁሉ የሚመሰገንበት ነው። ጥገናውን ተወና ከመሠረቱ አዲስ ጀልባ አሠራ። ንድፉን ያወጡት ኬንና ሉ ኖሪስ የተባሉ ወንድማማች መሐንዲሶች ናቸው። ኬ7 ተብላ የተመዘገበችው ይህች ብሉበርድ እንጨት ያልነካት፣ አጥንቷ ከጠንካራ የብረት ቱቦ የተሠራ፣ ቆዳዋ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ላሜራ የሆነ፣ ስምንት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ጀልባ ነበረች። ሞተሯ ሜትሮፖሊታን ቪከርስ የሠራው ቤሪል የተባለ ጄት ነበር። ሁለት ተንሳፋፊዎች ከፊት በጎንና በጎን ወጥተው፣ የኋላው ደግሞ ራሱ ቀፎው ሆኖ፣ በሦስት ትናንሽ ነጥቦች ብቻ ውኃውን እየዳሰሰች ትሄዳለች። በ1955 ጸደይ በአልስወተር ሐይቅ ላይ የመጀመሪያ ሙከራዎች በተደረጉ ጊዜ፣ ከፊት የሚነሣው የውኃ ፍንጣቂ ወደ አየር መሳቢያው እየገባ ሞተሩን ስላነቀው ጀልባዋ ከውኃው ላይ አልነሣ አለች። ተንሳፋፊዎቹን የሚይዘው አግዳሚ ከፍ እንዲል ተደረገና ችግሩ ተፈታ። ጁላይ 23 ቀን 1955 በሰዓት 325.6 ኪሎ ሜትር ሮጣ ክብረ ወሰኑን ወሰደች።

ከዚያ እስከ 1959 ድረስ የተከተለው የድል ዘመን ነው። በአሜሪካ በሌክ ሚድ ላይ፣ በተመልካች ጀልባዎች ማዕበል ተጥለቅልቃ ከሰጠመች በኋላ ወጥታ ተጠግና፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 347.9 ሮጠች። ከ1956 እስከ 1959 ደግሞ በኮኒስተን ሐይቅ ላይ አራት ጊዜ የራሷን ክብረ ወሰን እያሻሻለች 419 ደረሰች። ቢሊ በትሊን የተባለው ባለጸጋ ክብረ ወሰኑን ለሚያሻሽል እንግሊዛዊ በየዓመቱ የገንዘብ ሽልማት አቅርቦ ስለ ነበረ፣ ካምቤል በአንድ ጊዜ ከመዝለል ይልቅ ደረጃ በደረጃ መውጣትን መረጠ፤ ይህም ለኪሱም ለደኅንነቱም የበጀ ነበር።

በየብስ ላይ የደረሰበት ረጅም ታሪክ ነውና በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። በ1960 በዩታ የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ570 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ተገልብጦ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፤ ዳነና መኪናው እንደገና ተሠራች። ጁላይ 17 ቀን 1964 በአውስትራልያ በኤር ሐይቅ ደረቅ ወለል ላይ በሰዓት 648.7 ኪሎ ሜትር ሮጠ። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን በሆነው ዲሴምበር 31 ደግሞ በምዕራብ አውስትራልያ በደምብልያንግ ሐይቅ ላይ በኬ7 444.7 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሁለቱን ክብረ ወሰኖች በአንድ ዓመት ጨበጠ።

ይሁንና ዓለም ፊቱን አዙሮ ነበር። አሜሪካኖቹ ጄት በተገጠመላቸው መኪኖች በ1965 በሰዓት 960 ኪሎ ሜትር አልፈው ሄዱ። ካምቤል ከድምፅ የምትፈጥን የሮኬት መኪና ለመሥራት አስቦ ገንዘብ የሚሰጠው አጣ። የሕዝቡን ልብ መልሶ ለማግኘት በውኃ ላይ በሰዓት 300 ማይል፣ ማለትም 483 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለፍን ግብ አደረገ። አዲስ ጀልባ የሚያሠራበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለሆነም ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላትን ኬ7ን አውጥቶ፣ ከቤሪል የሚበልጥ ጉልበት ያለውን፣ የናት ተዋጊ አውሮፕላን የሚበርበትን ኦርፊየስ ሞተር ገጠመላት፤ የዚያኑ አውሮፕላን ጅራትም በኋላዋ አቆመላት። በ1951 የተማረውን የረሳ ይመስላል፤ ወይም ችግር አስረስቶታል።

በኖቬምበር 1966 ወደ ኮኒስተን በሄዱ ጊዜ ያጋጠማቸው መከራ አሮጌ ማሽን ያደሰ ባለ ሙያ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ሞተሩ በተነሣበት በመጀመሪያው ሙከራ ላይ የአየር መሳቢያው ላሜራ ጉልበቱን መቋቋም አቅቶት ሪቬቶቹ ተነቃቅለው ሞተሩ ውስጥ ገቡና አበላሹት፤ ሌላ ሞተር መቀየር ግድ ሆነ። አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ስለ ቀለለ የጀልባዋ ሚዛን ተዛባ፤ ከኋላ ማመዛዘኛ ክብደት ሳይጨመርላት ከውኃው አልነሣ አለች። ቀጥሎም የነዳጁ አፈሳሰስ ታወከ። በመካከሉ አንድ የውኃ ወፍ መትታ የአንዱ ተንሳፋፊ ልባስ ተጎዳ። ብርዱ እየበረታ፣ ጋዜጠኛው እየተሰላቸ ሄደ። ካምቤል በገድ የሚያምን፣ አረንጓዴ ቀለም የሚጠላ ሰው ነበር፤ ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ካርታ ሲጫወት የደረሱትን ካርዶች የመጥፎ ዕድል ምልክት አድርጎ እንደ ተመለከተ አብረውት የነበሩ ሰዎች መስክረዋል።

በሕጉ መሠረት ክብረ ወሰን የሚመዘገበው፣ የተለካውን አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ውስጥ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ሮጦ አማካዩ ሲወሰድ ነው። ጃንዋሪ 4 ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ሩጫ 479 ኪሎ ሜትር ሆነ። እንግዲህ በመልሱ ጥቂት ብቻ መጨመር ይበቃው ነበር። ነገር ግን ነዳጅ ሳይሞላ፣ ራሱ ያስነሣው ማዕበል እስኪረጋ ሳይጠብቅ፣ ወዲያው ዞሮ ተመለሰ። ፍጥነቱ ከ510 ኪሎ ሜትር አልፎ ሲሄድ የጀልባዋ አፍንጫ ከውኃው ተነሣ፤ አየር ከሥሯ ገብቶ ወደ ላይ ገለበጣትና በአፍንጫዋ ተመልሳ ውኃውን መታች። ካምቤል ወዲያው ሞተ። ይዞት የሚዞረው የድብ አሻንጉሊት በውኃው ላይ ተንሳፎ ሲገኝ እርሱ ራሱ ግን ጠላቂዎች ቢፈልጉትም አልተገኘም።

መንስኤውን በሚመለከት ማዕበሉን የሚከስሱ አሉ፤ ነዳጁ በማነሱ የጀልባዋ ክብደት መቅለሉን የሚያነሡ አሉ፤ ሞተሩ ድንገት ጉልበት በማጣቱ አፍንጫዋን ወደ ታች የሚጫነው ግፊት ጠፋ የሚሉም አሉ። ሦስቱ እርስ በርሳቸው አይጣሉም። አንድ ነገር ግን የጋራ ነው፦ ከዚያ በእጅጉ ለሚያንስ ፍጥነት የተጸነሰ ቅርጽ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ላይ የነበረው መጠባበቂያ እጅግ ጠባብ ነበር።

ጀልባዋ ወደ 45 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በጭቃ ውስጥ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ተቀመጠች። ለብዙ ዓመታት የፈለጋት አንድ ጠላቂ አግኝቷት ማርች 8 ቀን 2001 ስትወጣ ሰማያዊ ቀለሟ ገና ይታይ ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ ወር የካምቤል አስከሬን ተገኘ፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን በኮኒስተን ተቀበረ። ልጁ ጂና ስብርባሪውን በመንደሩ ለሚገኘው ለረስኪን ቤተ መዘክር ሰጠች።

በዚህ ጊዜ የአሮጌ ውድድር ጀልባ ወዳጆች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ስብርባሪው የአደጋው ምስክር ነው፣ ቢቃና ምስክርነቱ ይጠፋል አለ። ለቅርስ የሎተሪ ገንዘብ የሚያከፋፍለው የመንግሥት ድርጅትም ለጥገናው ገንዘብ አልሰጥም አለ። በእርግጥም የኮብ ክሩሴደር በሎክ ነስ ግርጌ እንዳለች ተትታ ከ2005 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀች ቅርስ ሆናለች። ሁለተኛው ወገን ግን የሩጫ ጀልባ ካልሮጠች ምን ትባላለች አለ። ይህኛውም ወገን ምሳሌ አላጣም፤ የሰር ማልኮልም ኬ3 ለብዙ ዘመን ከተጣለችበት ተነሥታ ተጠግና እንደገና ውኃ ላይ ወጥታለች፤ በሲያትል አጠገብ ባለው የሃይድሮፕሌን ቤተ መዘክርም አሮጌዎቹ ጀልባዎች የሚጠገኑት ሞተራቸው ተነሥቶ እንዲሮጡ ነው።

ለኬ7 የኋለኛው አሳብ አሸነፈ። ያወጣት ጠላቂ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በሰሜን እንግሊዝ በኖርዝ ሺልድስ ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠራ። ቀላሉ መንገድ አዲስ ላሜራ ቆርጦ መግጠም ነበር። እነርሱ ግን የተጨማደደውን አሮጌ ብረት በትዕግሥት እያቃኑ፣ ሊድን የሚችለውን ሁሉ መልሰው በሪቬት አሰሩት፤ ከነጂው መቀመጫ ወደ ፊት ያለው ክፍል በአደጋው ስለ ጠፋ አብዛኛውን በአዲስ መተካት ግድ ሆነባቸው። ከናት አውሮፕላን የተገኘ ሌላ ኦርፊየስ ሞተርም ተገጠመላት። የጥገና ሙያ ሊኮራበት የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም የቅርስ ተከራካሪዎቹ ያሉት እውነት ሆኖ ቀርቷል፤ የተቃናውን ላሜራ አይቶ አደጋው እንዴት እንደ ሆነ ማንበብ ከእንግዲህ አይቻልም።

በኦገስት 2018 በስኮትላንድ በቢዩት ደሴት በሎክ ፋድ ላይ በራሷ ጉልበት ተነሥታ ሮጠች፤ ከፍተኛው ፍጥነቷ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የገዛ ቅርጿ ምን እንደሚያመጣ ስለሚታወቅ ከዚያ በላይ የሞከረ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በጠጋኞቹና በቤተ መዘክሩ መካከል የባለቤትነት ጠብ ተነሣ። አንዱ ወገን ሥራውንና የጨመረውን ዕቃ፣ ሌላው የስጦታውን ጽሑፍ ያነሣ ነበር። ሥራው ሲጀመር የተጠገነችው ጀልባ የማን እንደምትሆንና የት እንደምትነዳ በግልጽ ውል ቢታሠር ኖሮ የጠፋው ጊዜና የተቀያየመው ልብ በዳነ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ በስምምነት አለቀ።

ማርች 9 ቀን 2024 ኬ7 በጭነት መኪና ወደ ኮኒስተን መንደር ገባች። ሕዝቡ በመንገዱ ዳር ቆሞ ተቀበላት፤ በቤተ መዘክሩም ለእርሷ አስቀድሞ በተሠራው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠች።